ለፓርላማ የቆመ፣ ለፓርቲ ያልቆመ

በ1941 ግንቦት 10 ሌሊት ከጀርመን አውሮፕላኖች የወረደ ቦምብ የለንደኑን የታችኛው ምክር ቤት አዳራሽ ፍርስራሽና ዐመድ አደረገው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እንደራሴዎቹ ግን ስብሰባቸውን አላስታጎሉም። ጥቂት ሰንብተው ወደ ሎርዶቹ አዳራሽ ገቡ፤ ሎርዶቹም ንጉሡ ካባቸውን ወደሚደርቡበት ክፍል ተሸጋሸጉ። አዲሱ አዳራሽ ተሠርቶ እስከተከፈተበት እስከ 1950 ድረስ፣ ጦርነቱም ሰላሙም የተመከረበት በተውሶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው።

በነዚህ የተውሶ ወንበሮች ከተቀመጡት አንዱ ስቲቨን ኪንግ-ሆል ይባላሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጀትላንድ የባሕር ውጊያ የተሰለፉ የቀድሞ መኮንን ናቸው። ተውኔት ይጽፋሉ፤ በቢቢሲ ራዲዮም የዓለምን ጉዳይ ለልጆች በሚገባ ቋንቋ ያስረዱ ነበር። ከ1936 ጀምሮ ደግሞ በፖስታ ለደንበኞች የሚላክ የራሳቸው የዜና መጽሔት ነበራቸው። በ1939፣ ጦርነቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው፣ በጀርመንኛ የታተመ ደብዳቤ በቀጥታ ወደ ጀርመናውያን ቤት መላክ ጀመሩ። የሂትለር የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ጎብልስ ነገሩን ንቆ ማለፍ አልሆነለትም፤ በአደባባይ የቁጣ መልስ ጻፈ። ወረቀት በፖስታ ልኮ የሰው ሐሳብ ማንቃት ይቻላል ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ኦርምስኪርክ ከተባለው የምርጫ ክልል ፓርላማ ገቡ። በ1942 ከፓርቲያቸው ተለይተው የግል ተመራጭ ሆኑ። በ1944 ደግሞ ዛሬም ድረስ የዘለቀውን ሃንሳርድ ሶሳይቲ የተባለ ማኅበር መሠረቱ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። አምባገነኖች ፓርላማን የወሬ ቤት ነው እያሉ በሚያፌዙበት ዘመን፣ እዚያ ውስጥ የሚባለው ቃል በቃል ለተራው ዜጋ ይድረስ፣ ያንብበውና ራሱ ይፍረድ ነው። የመጀመሪያዎቹ አባላት ሆነው የተመዘገቡት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችልና የሌበር ፓርቲው መሪ ክሌመንት አትሊ ናቸው። በዓመቱ ምርጫ ላይ የሚፋለሙ ሁለት ሰዎች በአንድ የአባላት መዝገብ ላይ ሰፈሩ።

ማኅበሩ ስሙን የወሰደው ከፓርላማው ቃለ ጉባኤ ነው። ይህን ቃለ ጉባኤ ማተም በአንድ ወቅት ያሳስር ነበር፤ በ1771 ከአታሚዎቹ ጎን የቆሙት የለንደን ከንቲባ ራሳቸው ወህኒ ወርደዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዊልያም ኮቤት የተባለው ተቺ ጋዜጠኛ የምክር ቤቱን ክርክር ማሳተም ጀመረ፤ ገንዘብ ሲያጥረው በ1812 ለአታሚው ለቶማስ ሃንሳርድ ሸጠለት። በ1909 ፓርላማው ሥራውን በራሱ እጅ አስገባው፤ የአታሚው ስም ግን ከሰው አፍ አልጠፋ ብሎ በ1943 ተመልሶ ሽፋኑ ላይ ታተመ። ኪንግ-ሆል ማኅበራቸውን ያቋቋሙት በማግስቱ ዓመት ነው።

መሥራቹን የገጠማቸውን ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። በ1945 ምርጫ የግል ተወዳዳሪ ሆነው በኦርምስኪርክ ቀረቡና ሦስተኛ ወጡ። ያሸነፋቸው የሌበሩ ወጣት ሃሮልድ ዊልሰን ነበሩ፤ በ1964 ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ዊልሰን። ያለ ፓርቲ የቆመው ሰው ወንበሩን አጣ፤ ያለ ፓርቲ የቆመው ማኅበር ግን ከሰማንያ ዓመት በኋላም አለ። ግለሰብ ገለልተኛ የሚሆነው በጠባዩ ነው፤ ጠባዩ ሲለወጥ ወይም ዕድሜው ሲያልቅ ያከትማል። ማኅበር ገለልተኛ ሆኖ እንዲኖር ግን ማን ይሾማል፣ ማን ይፈርማል፣ ማን ይከፍላል፣ ማንስ «አይሆንም» ማለት ይችላል የሚሉት ጥያቄዎች አስቀድመው መልስ ያስፈልጋቸዋል።

ከሕጉ እንጀምር። ሃንሳርድ ሶሳይቲ በእንግሊዝ ሕግ የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ በፖለቲካና በበጎ አድራጎት መካከል ያለውን ድንበር አጥብቆ ይጠብቃል። የመብት ተሟጋቹ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከሥራው የተወሰነውን በበጎ አድራጎት ስም ለማስመዝገብ ሞክሮ ተከለከለ፤ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1981 ዳኛ ስሌድ ፈረዱበት። የዳኛው ምክንያት እስካሁን ይጠቀሳል። የአንድ ድርጅት ዋና ዓላማ ሕግ ማስለወጥ ከሆነ፣ ለውጡ ለሕዝብ ይበጃል ወይስ አይበጅም ብሎ መወሰን ለዳኛ አይሆንም፤ ያ የሕግ አውጪው ሥራ ነው አሉ። ስለዚህ ሕጉ የፖለቲካ ዓላማ ያለውን ድርጅት በጎ አድራጊ አይለውም። የድህነት፣ የትምህርት ወይም የጤና ዓላማ ያለው ድርጅት ለዓላማው ሲል ፖሊሲ ቢተች፣ መንግሥትን ቢሞግት ይፈቀድለታል። ፓርቲን ወይም ዕጩን መደገፍ ግን ፈጽሞ አይቻልም።

ለአብዛኛው ድርጅት ይህ ድንበር ሩቅ ነው። የዓይነ ስውራን ማኅበር በሥራው መካከል ከፓርቲ ጋር የሚላተመው አልፎ አልፎ ነው። ሥራው ፓርላማ የሆነ ድርጅት ግን ጠዋት ቢሮውን ሲከፍት ጀምሮ የሚያገኘው ፖለቲከኛ ነው፤ ኑሮው ድንበሩ ላይ ነው። የዚህ ዓይነቱ ድርጅት የበጎ አድራጎት ማዕረጉን የሚያገኘው ትምህርት በሚለው በር ነው። ፓርላማ እንዴት እንደሚሠራ ማጥናት፣ ማስረዳት፣ ማሻሻያ ሐሳብ በማስረጃ ማቅረብ ትምህርት ነው። የአንዱን ወገን ክርክር ይዞ መዞር ትምህርት አይደለም።

በዚህ ድንበር ላይ የተንሸራተቱ አሉ። በሟቹ የሌበር ፓርቲ መሪ በጆን ስሚዝ ስም የተቋቋመው ስሚዝ ኢንስቲትዩት፣ ጎርደን ብራውን የገንዘብ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ በይፋዊ መኖሪያቸው በዳውኒንግ ስትሪት ቁጥር 11 ስብሰባዎች ያካሂድ ነበር። ተቆጣጣሪው የበጎ አድራጎት ኮሚሽን መረመረና በ2008 ሪፖርቱን አወጣ፤ ባለአደራዎቹ የድርጅቱን ነጻነት ሊያጠፋ የሚችለውን አደጋ በሚገባ አልተከላከሉም አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተራው የሌላው ወገን ሆነ። የወግ አጥባቂው ፓርቲ ፖለቲከኛ ሊያም ፎክስ የመሠረቱት አትላንቲክ ብሪጅ፣ ሥራው ከፓርቲው ጋር በቅርብ የተቆራኘ ፖሊሲ ማራመድ ሆኗልና ይቁም ተባለ፤ በ2011 መስከረም ባለአደራዎቹ ዘጉት። በቀጣዩ ወር ፎክስ ከመከላከያ ሚኒስትርነታቸው ለቀቁ፤ ከመልቀቃቸው ጋር ስሙ የተነሣው ወዳጃቸው የዚያው ድርጅት ኃላፊ የነበረ ነው።

በሁለቱም ጉዳይ ተጠያቂ የሆኑት ጥናት የጻፉት ሠራተኞች ወይም የተጋበዙት ፖለቲከኞች አይደሉም። ኮሚሽኑ የጠየቀው ባለአደራዎቹን ነው። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ምን ይሠራሉ?

ሃንሳርድ ሶሳይቲ በሕግ ፊት ባለአክሲዮን የሌለው ኩባንያ ነው። ትርፍ የሚከፋፈል የለም፤ ድርጅቱ ቢፈርስ አባላቱ የሚያዋጡት አስቀድሞ የተወሰነች ትንሽ ገንዘብ ብቻ ናት። የበላይ አካሉ የባለአደራዎች ቦርድ ነው። ዕድር ያለው ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ለድካማቸው ደሞዝ አይወስዱም፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ብርም የነርሱ አይደለም፤ ቢጎድል ግን የሚጠየቁት እነርሱ ናቸው። የእንግሊዝ ሕግም ባለአደራ በመርሕ ደረጃ እንዳይከፈለው ይደነግጋል፤ ወጪው ግን ይተካለታል። የዕለት ሥራውን የሚመሩት በደሞዝ የተቀጠሩ ዳይሬክተር ናቸው፤ ዳይሬክተሩን የሚቀጥረውም፣ ካስፈለገ የሚያሰናብተውም ቦርዱ ነው።

ከቦርዱ ራስጌ የክብር ፕሬዝዳንቶች አሉ፤ የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤና የሎርዶች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ። በእንግሊዝ ልማድ አፈ ጉባኤ ሆኖ የተመረጠ እንደራሴ የፓርቲ አባልነቱን ይተዋል፤ ስለዚህ ማዕረጉ ለማኅበሩ ይመጥናል። ሥልጣን ግን የላቸውም። በጀት አያጸድቁም፣ ጥናት አያግዱም። ይህን ሁለቱን መለየት ቀላል ቢመስልም በብዙ ድርጅቶች ዘንድ አይለይም፤ ታዋቂ ሰው በክብር ይጋበዝና ቀስ በቀስ አዛዥ ሆኖ ይገኛል።

የእንዲህ ያለ ቦርድ ስብሰባ ሲታይ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። በዓመት ጥቂት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ከፊታቸው ሻይና የወረቀት ክምር አለ። የመጀመሪያው አጀንዳ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የጥቅም ግጭት ያለበት ያሳውቅ። ከባለአደራዎቹ አንዱ በሥራ ላይ ያለ እንደራሴ ከሆነና ስለ እንደራሴዎች ጥቅማ ጥቅም የሚደረግ ጥናት ከተነሣ፣ ይናገራል፣ ይመዘገባል፣ አስፈላጊ ከሆነም ይወጣል። ቀጥሎ ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይጸድቃል። ከዚያ ሒሳብ፤ ከዚያ የመጠባበቂያ ገንዘቡ ስንት ወር ያስኬዳል የሚለው ጥያቄ፤ ከዚያ ሊደርሱ የሚችሉ አደጋዎች የተዘረዘሩበት ሰነድ። «ጥናታችን በምርጫ ሰሞን ቢወጣ ለአንዱ ፓርቲ የወገነ አይመስልም ወይ?» የሚለው እዚህ ላይ ይነሣል። ጥያቄው ተራ አይደለም፤ በ2014 የወጣው ሕግ ከጠቅላላ ምርጫ በፊት ባሉት አሥራ ሁለት ወራት ፓርቲ ያልሆኑ ቀስቃሾች የሚያወጡትን ገንዘብ ይቆጣጠራል። አሰልቺ የሚመስለው ይህ ሁሉ ወረቀት ገለልተኝነት የሚሠራበት ቦታ ነው። ጋዜጠኞች እንዲህ ያለ ስብሰባ አይዘግቡም፤ እኔም አልፈርድባቸውም።

ቦርዱ በወረቀት ላይ ምን እንደሚመስል ከማየት ይልቅ፣ በታሪኩ ለአስቸጋሪ ጥያቄዎች ማንን እንደመረጠ ማየት የበለጠ ያስተምራል። በ1970ዎቹ የምርጫ ሥርዓቱ ይለወጥ የሚለው ክርክር ሲግል፣ ማኅበሩ አንድ ኮሚሽን አቋቋመ። ሰብሳቢ ያደረገው ለውጡን በመፈለግ የሚታወቅ ሰው አልነበረም፤ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ታሪክ ጸሐፊ የነበሩትን ሎርድ ብሌክን ነው። በ1976 የወጣው ሪፖርታቸው ለውጥ ያስፈልጋል አለ። ከነባሩ ወገን የመጣ ሰው ያን ሲል ክብደቱ ሌላ ነው። በ1990 ሴቶች በከፍተኛ ኃላፊነት ላይ ያላቸውን ቦታ የመረመረውን ኮሚሽን ሌዲ ሃው መሩት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሕግ ስለሚወጣበት መንገድ የቀረበውን ሰፊ ጥናት የመሩት የቀድሞው ወግ አጥባቂ ሚኒስትር ሎርድ ሪፐን ናቸው፤ ያኔ ሥልጣን ላይ የነበረው ያው ፓርቲያቸው ነው። ረቂቅ ሕጎች ለምክር ቤቱ በይፋ ከመቅረባቸው በፊት ለምርመራ ይውጡ የሚለው ሐሳብ በዚያ ሪፖርት ተጠናከረ። በ2001፣ ሌበር በገነነበት ጊዜ፣ ፓርላማው መንግሥትን እንዴት ይቆጣጠር የሚለውን ያጠኑት ሎርድ ኒውተንም የቀድሞ ወግ አጥባቂ ሚኒስትር ነበሩ።

ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ከፓርቲ ነጻ የሆነ ድርጅት ፓርቲ የሌላቸውን ሰዎች ሲፈልግ አልዋለም፤ እንዲያ ያለ ሰው ፓርላማን የሚያውቀው ከሩቅ ነው። ፓርቲያቸው የታወቀ፣ ግን የሚናገሩት የራሳቸውን ወገን ጭምር የሚያስከፋ ሰዎችን ፈለገ።

ሌላው ብልሃት የርዕስ ምርጫ ነው። ማኅበሩ ለዓመታት ከያዛቸው ጉዳዮች አንዱ የውክልና ሕግ ነው፤ ማለትም ፓርላማው በሰጣቸው ሥልጣን ሚኒስትሮች የሚያወጧቸው ደንቦች። በ2014 በዚሁ ላይ አንድ ትልቅ ጥናት አሳትሟል። እነዚህ ደንቦች በየዓመቱ በመቶዎች ይወጣሉ፤ የታችኛው ምክር ቤት ግን ከ1979 ወዲህ አንዱን እንኳ ውድቅ አላደረገም። ተቃዋሚ የሆነ ፓርቲ ሁሉ ስለዚህ ያማርራል፤ መንግሥት የሆነ ፓርቲ ሁሉ ይጠቀምበታል። ወንበሩ ሲገለባበጥ ክሱም ይገለባበጣል። እንዲህ ያለ ርዕስ የያዘ ድርጅት ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ያስቀይማል፤ በረጅም ጊዜ ሲታይ ሚዛኑ ራሱን ያስተካክላል።

ከ2004 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ ሕዝቡ ስለ ፖለቲካ ምን እንደሚያስብ የሚለካ ጥናት ያወጣ ነበር፤ የመጀመሪያውን የሠራው ከአገሪቱ የምርጫ ኮሚሽን ጋር ነው። የ2019ኙ፣ ማለትም 16ኛው፣ በብሬግዚት ውዝግብ መካከል ወጣ። ከተጠየቁት 72 በመቶው የአገሪቱ የአስተዳደር ሥርዓት ብዙ መሻሻል ያስፈልገዋል አሉ። 54 በመቶው ብሪታንያ ደንብ ለመጣስ ፈቃደኛ የሆነ ጠንካራ መሪ ያስፈልጋታል በሚለው ተስማሙ። 42 በመቶው ደግሞ መንግሥት ስለ ፓርላማ ድምፅ እምብዛም ባይጨነቅ ችግሮች በተሻለ ይፈቱ ነበር አሉ። የፓርላማ ዴሞክራሲን ለማስፋፋት ለተቋቋመ ድርጅት ከዚህ የከፋ ቁጥር አይመጣለትም። ሁለተኛውን ቁጥር ሳነብ ኪንግ-ሆል ትዝ አሉኝ፤ የመሠረቱት ማኅበር የተቋቋመው ይህን ሐሳብ ለመመከት ነበርና። ቁጥሮቹ ግን ሳይለዝቡ፣ ሳይቀቡ ታተሙ። ቦርድ ካለው ኃላፊነት አንዱ የማይወደው ውጤት እንዲታተም ማድረግ ነው።

እስካሁን ማኅበሩን ያሞገስኩ ይመስላል፤ ድክመቱንም ልበል። ከፓርቲ መራቅ አንድ ነገር ነው፣ ከተቋሙ መራቅ ሌላ ነው። ባለአደራዎቹ፣ የኮሚሽን ሰብሳቢዎቹ፣ የክብር ፕሬዝዳንቶቹ በአብዛኛው የዌስትሚንስተር፣ ማለትም የፓርላማው ሰፈር፣ ሰዎች ናቸው። አንዱ ከግራ ሌላው ከቀኝ ቢመጡም የሚገናኙት በአንድ መተላለፊያ ነው። በወግ አጥባቂና በሌበር መካከል ሚዛን ጠባቂ የሆነ ቦርድ፣ ፓርላማውና ከደጅ የቆመው ሕዝብ ሲጋጩ ሚዛኑ ወዴት ያጋድላል? በ2009 የእንደራሴዎች የወጪ ቅሌት ሲፈነዳ አፈ ጉባኤ ማይክል ማርቲን ተገደው ሥልጣን ለቀቁ፤ አፈ ጉባኤ ተገዶ ሲወርድ ከ1695 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ከፓርቲ በላይ የሚባለውም ወንበር ሊነቃነቅ እንደሚችል ያኔ ታየ። ከወንበሩ የተዋሱትን ክብር የሚያሳዩ ማኅበራት ይህን ማሰብ አለባቸው። በእኔ ግምት ከቦርዱ ሁለት የፓርላማውን ሰፈር ሰዎች ቀንሶ ፓርላማውን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች መጨመር ጉዳት የለውም።

ገንዘብም አለ። ለፓርላማ አሠራር ጥናት እንባ የሚያፈስ ለጋሽ የለም። የታመመ ሕፃን ፎቶ የሚያመጣውን ገንዘብ የውክልና ሕግ አያመጣም። ስለዚህ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች የሚኖሩት ከአባላት መዋጮ፣ ከምርምር ፈንዶች፣ ከሥልጠናና ከኅትመት በሚያገኙት ነው። ሃንሳርድ ሶሳይቲ ከ1947 ጀምሮ «ፓርላሜንታሪ አፌርስ» የተባለ የምርምር መጽሔት አለው፤ ዛሬ የሚያሳትመው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ነው። ከብዙ ቦታ ጥቂት ጥቂት የሚያገኝ ድርጅት በአንድ ሰጪ ቁጣ አይወድቅም። ከአንድ ቦታ ብዙ የሚያገኝ ግን ማንም ሳያዘው፣ ሰጪው ምን ይል ይሆን እያለ ራሱን ማረም ይጀምራል። ቦርዱ በየስብሰባው የገቢውን ምንጭ በዝርዝር ማየት ያለበት ለዚህ ነው።

የገንዘብን ነገር የኢትዮጵያ አንባቢ ከማንም በላይ ያውቀዋል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) በዴሞክራሲና በሰብዓዊ መብት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገቢ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር፤ ብዙዎቹ ወይ ዘርፋቸውን ቀየሩ ወይ ሥራቸው ከሰመ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 (ይህም በእኛ አቆጣጠር ነው) ያን ገደብ አነሣ። «በቦርድ የሚመራ ድርጅት» የሚባል የአደረጃጀት ዓይነትም በዚህ አዋጅ አለ። ገደቡ መነሣቱ መልካም ነው፤ የገንዘቡ በር ሲከፈት ግን ቀድሞ ሕጉ ይከለክል የነበረውን ነገር አሁን መመዘን ያለበት ቦርዱ ራሱ ነው። መሥራቹ ሊቀመንበር፣ ወንድሙ ሒሳብ ሹም፣ ጓደኛው ጸሐፊ በሆነበት ቦርድ ያን የሚመዝን አይገኝም።

በብሪታንያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ይህ ሕግ በቀጥታ ይመለከታቸዋል። የኮሚዩኒቲ ማኅበር፣ የእርዳታ ድርጅት ወይም የልጆች ቋንቋ ትምህርት ቤት በእንግሊዝና ዌልስ በበጎ አድራጎት ድርጅትነት ከተመዘገበ፣ ስሚዝ ኢንስቲትዩትን የመረመረው ኮሚሽን የእነርሱም ተቆጣጣሪ ነው። የአገር ቤት ፖለቲካ ሲግል የማኅበሩ አዳራሽ ለአንድ ፓርቲ መሪ አቀባበል ሲፈቀድ፣ የማኅበሩ ማኅተም በአንድ ወገን መግለጫ ላይ ሲያርፍ፣ ተጠያቂው አዳራሹን የለመነው ሰው አይሆንም። «ስሜን ብቻ ነው የሰጠሁት» የሚል ባለአደራ በሕጉ ዘንድ ሰሚ የለውም፤ ስሙን ሲሰጥ ኃላፊነቱንም ሰጥቷል።

የበጎ አድራጎት ኮሚሽን መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፤ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይታያል። የድርጅቱን ስም ሲጽፉ የዓመቱ ገቢና ወጪ፣ የባለአደራዎቹ ስም፣ ሪፖርቱ በጊዜው መቅረቡና አለመቅረቡ ይወጣል። ዓመታዊ ሪፖርት የበጀት ዓመቱ ባለቀ በአሥር ወር ውስጥ መግባት አለበት። በዚያ አገር የሚኖሩ አንባቢ ከሆኑ፣ በየወሩ የሚያዋጡለትን ማኅበር ስም ዛሬ ይፈልጉት፤ ሪፖርቱ ዘግይቶ ካገኙት በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እጅዎን አውጥተው ምክንያቱን ይጠይቁ።